ከሚሴ፦ የመንገዱ ምሳና የገበያው ቡና

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማበርን ብርድ አልፎ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ወደ ኋላ ትቶ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ከሚሴ ይደርሳል። በማለዳ ለተነሳ ሰው ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነው። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ምግብ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ጭማቂ ቤቱና የጀበና ቡናው ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አውቶቡሱ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ እጁን ይታጠባል፤ ግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በልቶ፣ ጠጥቶና ከፍሎ ጉዞውን ይቀጥላል።

ይህን ያየ ባለሀብት «የከሚሴ ምግብ ቤት የሚኖረው በመንገዱ ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ድምዳሜው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴና በዞኑ ያሉት ሰንበቴ፣ ጨፋ ሮቢትና ባቲ ሁለት ዓይነት ተመጋቢ አላቸው። አንደኛው በአውቶቡስ መጥቶ በአውቶቡስ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውን ወይም ማሽላውን ይዞ በሳምንት አንድ ቀን ገበያ የሚወጣው ነው። የመጀመሪያው ብዙ ይከፍላል፤ መንገዱ በተዘጋ ቀን ግን ጨርሶ አይመጣም። ሁለተኛው ጥቂት ይከፍላል፤ ነገር ግን በእግሩም ቢሆን ይመጣል። በዚህ መስመር ቤት ለመከራየት፣ ሆቴል ለመክፈት ወይም ለምግብ ቤቶች ዕቃ ለማቅረብ ያሰበ ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛውን ደንበኛ እንደሚያስተናግድ ነው።

የመንገዱ ደንበኛ

አዲስ አበባን ከደሴና ከመቀሌ የሚያገናኘው ዋና መንገድ በከሚሴ መሃል ያልፋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጣርማበርን ተራራ በዋሻ ከበሱት ወዲህ ይህ መስመር የሰሜን ምሥራቅ ንግድ ዋና መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ከሚሴ ያለችው በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ተሳፋሪው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከካፖርት ወደ ሸሚዝ ይወርዳል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ሻይ የጠየቀ ሰው ከሚሴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳና የማንጎ ጭማቂ ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ማቀዝቀዣ እንደ ምጣዱ ሁሉ የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥርም ባለቤቱ የሚያጣው የመጠጡን ሽያጭ ብቻ ሳይሆን የሥጋውንም ዕድሜ ነው።

የመንገድ ዳር ምሳ ፍጥነት ይፈልጋል። ሳህኑ ቶሎ ካልቀረበ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ተሳፋሪውም ሳይበላ ይሄዳል። ስለዚህ የምግብ ዝርዝሩ አጭር ነው፦ ጥብስ፣ ቀይ ወጥ፣ ሽሮ፣ ፍርፍር፣ በጾም ቀን ደግሞ በያይነቱ። ወጡ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ይሠራል፤ እንጀራው ተቆጥሮ ይቀመጣል። አውቶቡሱ ከዘገየ ወይም ሌላ ቤት በር ላይ ከቆመ የተሠራው ወጥ የባለቤቱ ዕዳ ነው።

አውቶቡሱ የት እንደሚቆም የሚወስነው ደግሞ ተሳፋሪው ሳይሆን ሾፌሩ ነው። በሀገራችን የረጅም ርቀት መስመሮች ሁሉ እንደተለመደው ሾፌርና ረዳት ለሚያመጡት ተሳፋሪ ዋጋቸው ነፃ ምሳ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይሆናል። በንግድ ቋንቋ ይህ ኮሚሽን ነው። ደረሰኝ የለውም፣ በሒሳብ መዝገብ አይገባም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሳህን ላይ ተጨምሮ ይከፈላል። አዲስ የሚከፈት ምግብ ቤት ወጡ ምንም ያህል ቢጥም ከሾፌሮች ጋር ሳይተዋወቅ በመንገዱ ደንበኛ መኖር አይችልም።

ሁለት እርድ፣ ሁለት ቢላዋ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 457 ሺህ ያህል ሲሆን፣ እጅግ የሚበዛው የእስልምና እምነት ተከታይ ነው። በመንገዱ የሚያልፈው ተሳፋሪ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተቀላቀለበት ነው። በሀገራችን ልማድ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያን እርድ ይበላል። በየመንገዱ ዳር በሥጋ ቤትና በምግብ ቤት በር ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል ተሥሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ምልክቱ ለአላፊ አግዳሚው ማስታወቂያ ሲሆን፣ ለባለቤቱ ግን የወጪ ውሳኔ ነው።

ሁለቱንም ማስተናገድ የፈለገ ሰው ሁለት ማድቤት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስትና ሁለት ወጥ ሠሪ ያስፈልገዋል። አንዱን የመረጠ የአውቶቡሱን ከፊል ተሳፋሪ ለጎረቤቱ ይለቃል። በአነስተኛ ካፒታል የሚሠሩ ቤቶች የሚያመልጡበት ብልሃት እርድ የማያነሳው ምግብ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና ፍርፍር የሁለቱም ናቸው። ትርፉ ከጥብስ ያነሰ ይመስላል፤ ሆኖም ሥጋ አይበላሽበትም፣ ማቀዝቀዣ አይጠይቅም፣ ሁለት ማድቤትም አይሻም። ካፒታሉ ላነሰው ሰው ሽሮ የድሃ ምግብ ሳይሆን አስተማማኝ ሸቀጥ ነው።

የገበያው ደንበኛ

ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ሌላ ሒሳብ ይጀምራል። የዞኑ ንግድ በሳምንት ቀናት የተከፋፈለ ነው። ሰንበቴ የምትታወቀው በእሑድ ገበያዋ ነው፤ ስሟ ራሱ ቀኑን ይናገራል። ባቲ ደግሞ በሰኞ ገበያዋ በመላ ሀገሪቱ ስመ ጥር ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባቲ ደጋውና የአፋር ቆላ የሚገናኙባት በር በመሆኗ፣ በሰኞ ቀን አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ። ግመል፣ ፍየል፣ ከብት፣ ጨው፣ ቅቤ፣ እህልና የሸቀጥ ዕቃ በአንድ ቀን ይሸጣል፤ ይለወጣል። ስሟ ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን የአንዱ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱም ከተማዋ ምን ያህል የታወቀች እንደነበረች ያስረዳል።

ገበያተኛው ማለዳ ተነስቶ፣ አንዳንዱም ከዋዜማው ጀምሮ ተጉዞ ስለሚመጣ መብላቱ አይቀርም። የሚበላው ግን እንደ አውቶቡሱ ተሳፋሪ አይደለም። ከብቱን ሳይሸጥ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ጠዋት ሻይና ዳቦ ወይም ቡናና ቆሎ ይበቃዋል፤ ምሳው የሚወሰነው ሽያጩ ካለቀ በኋላ ነው። ገበያው ደኅና የዋለ ቀን የፍየል ጥብስ ይታዘዛል፤ ገበያው የቀዘቀዘ ቀን በማሽላ እንጀራ ሽሮ ይበላል። የጥብሱን ድስት ያየ ሰው የዕለቱን የከብት ገበያ ሳይጠይቅ ሊያውቅ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው የጀበና ቡና ነው። ሥራውን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የሚጠይቀው ካፒታል አነስተኛ ነው፦ ጀበና፣ ጥቂት ስኒ፣ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃ፣ በርጩማ፣ ከፀሐይ የሚያስጠልል ሸራ። ደንበኛው የሚከፍለው ለአንድ ስኒ ቢሆንም የሚገዛው ግን ከቡናው በላይ ነው። ጥላ ያገኛል፤ መቀመጫ ያገኛል፤ ወሬ ያገኛል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ፣ ከቶናው እስከ በረካው ድረስ ባለው ጊዜ ሻጭና ገዢ በደላላ መካከል ሆነው ዋጋ ይጠራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ። ደላላው ቢሮ የለውም፤ ቢሮው በርጩማው ነው። ትናንት ሰንበቴ ላይ ፍየል በስንት ዋለ፣ ከአዲስ አበባ ስንት መኪና መጣ፣ የኤክስፖርት ቄራዎች ገዢ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለው ሁሉ በቅድሚያ የሚሰማው እዚያ ነው። ዋጋ በስልክ በሚጠየቅበት በዛሬው ዘመንም የስልኩን ወሬ የሚያጣሩበት ቦታ ይኸው ነው።

ከቀትር በኋላ ደግሞ የጫት ቤቱ ተራ ይመጣል። በወሎ ሙስሊም ዘንድ ጫት ከዱአና ከሐድራ ጋር የቆየ ቁርኝት አለው፤ በገበያ ከተማ ግን የንግድ መጫወቻም ነው። ከጫቱ ጋር ውሃ፣ ለስላሳ፣ ሻይና ለውዝ ይሸጣል። ጫት የሥራ ሰዓትና የቤተሰብ ገንዘብ ይበላል የሚለው ነቀፋ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ የከሰዓቱን ገበያ የሚመረምር ነጋዴ ይህን ሽያጭ ሳይቆጥር የከተማዋን ገቢ ሊገምት አይችልም።

ቢራ ጎረቤት፣ ቀሪቦ ቤት

መጠጡም የራሱ ጠባይ አለው። ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮምቦልቻ ቢጂአይ የቢራ ፋብሪካውን የከፈተው በ1990 ዓ.ም. ነው። በሌላ ዞን ቢሆን እንዲህ ያለ ቅርበት የመጠጥ ቤቱን ንግድ ባሟሟቀ ነበር። በዚህ ዞን ግን ሕዝቡ በአብዛኛው አልኮል ስለማይጠጣ የቢራው ገበያ ከመንገደኛውና ከጥቂቱ ነዋሪ አያልፍም። የሀገሬው መጠጥ ቡና፣ ሻይ፣ ወተትና ቀሪቦ ነው። ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚዘጋጀው ቀሪቦ በወሎ የሠርግና የበዓል መጠጥ ሲሆን፣ ከቤት ወጥቶ የንግድ ዕቃ የመሆን ዕድል ያለው ነው። በጠርሙስ የሚሸጡት አልኮል የሌላቸው የማልት መጠጦች ከፋብሪካ ወጥተው ገበያ ማግኘታቸው ለዚህ ምስክር ነው፤ የገብስ ለስላሳ የሚፈልግ ጠጪ እንዳለ አሳይተዋል። ይህን ጠጪ የወሎ እናቶች ቀድመው ያውቁት ነበር።

ወተቱም እንዲሁ ነው። የከብትና የግመል ወተት በጢስ በታጠነ ዕቃ ተይዞ ወደ ከተማ ይመጣል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ ወራት ሣር ስለማያጣ፣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ይሰፍሩበታል። ወተቱም መንጋውን ተከትሎ ይመጣል፤ መንጋው ሲመለስ አብሮ ይርቃል። በአንድ ወቅት ተርፎ በሌላው የሚጠፋ ሸቀጥ ደግሞ ማቀዝቀዣና ማጓጓዣ ያለውን ሰው ይጣራል።

ከሳህኑ ጀርባ ያለው ዋጋ

የከሚሴ ሳህን ርካሽ ቢመስልም ዋጋው የሚወሰነው ከሚሴ ላይ ብቻ አይደለም። ፍየሉን እንውሰድ። የባቲ ፍየል በሥጋውም በቆዳውም የታወቀ ነው፤ ቆዳው በዓለም የቆዳ ገበያ በባቲ ስም የሚጠራ ደረጃ አለው። በባቲና በሰንበቴ የሚገዛው ፍየል ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ፣ ከፊሉም በሞጆና በቢሾፍቱ ወደሚገኙት የኤክስፖርት ቄራዎች ይጫናል። የቄራዎቹ ዋነኛ ገዢዎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። ስለዚህ የከሚሴው ጥብስ ቤት ለአንድ ፍየል የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዱባይና ከጅዳ ምግብ ቤት ጋር ጭምር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በብር ሲወደድ፣ ላኪው በብር የሚያገኘው ገንዘብ ጨምሯል። ላኪው የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የጥብስ ቤቱ ምርጫ ሁለት ነው፦ ዋጋ መጨመር ወይም ሥጋውን መቀነስ።

ቡናውም ከዚህ አያመልጥም። የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ ከአንድ ፓውንድ 4 ዶላር በላይ ወጥቶ ከዚያ በፊት ያልታየ ከፍታ ደርሶ ነበር። ቡና ሻጯ ኒውዮርክን አታውቅ ይሆናል፤ ቡናውን በኪሎ ስትገዛ ግን ታገኘዋለች። ደንበኛዋ ደግሞ የአንድ ስኒ ዋጋ ሲጨምር ከሌላው ሸቀጥ ይልቅ ፈጥኖ ያጉረመርማል፤ ምክንያቱም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚከፍለው ነው።

በአንጻሩ የአካባቢው ማሽላና ከመስኖ የሚገኘው ሽንኩርትና ፍራፍሬ ለማድቤቱ ቅርብ ናቸው። ጤፍ ሲወደድ የማሽላ እንጀራ የሚያቀርብ ቤት ወጪውን መቋቋም ይችላል። ማሾ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በዚህ ዞንና በደቡብ ወሎ ቃሉ የሚበቅለው ማሾ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያይ የኤክስፖርት ሰብል ነው፤ ከሚሴ ላይ ከድስት ይልቅ ከመጋዘን ይገባል። የሆነው ሆኖ ለምግብ ቤቱ ጥቅም አለው። ማሾ በሚሰበሰብበት ወቅት ነጋዴው፣ ደላላውና ጫኝ አውራጁ ከተማ ውስጥ ይውላሉ፤ ይበላሉም።

ጾምና በዓል

የዚህ ንግድ ሌላው መሪ መቁጠሪያው ነው። በረመዳን የዞኑ ምግብ ቤቶች የቀን ሥራ እጅግ ይቀንሳል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ግን ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባውና ጭማቂው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሸጣል። ሠራተኛው የሌሊት ይሆናል፤ ግዢው ከቀትር በኋላ ይሆናል። በዐረፋ ሰሞን ደግሞ ሁሉም ቤት ስለሚያርድ የፍየልና የበግ ዋጋ ሲወጣ የጥብስ ቤቱ ሽያጭ ይወርዳል። በሌላ በኩል የክርስቲያኑ መንገደኛ ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት ይጾማል። የእስልምናው መቁጠሪያ በጨረቃ ስለሚሄድ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ በአንዳንድ ዓመትም ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። በዚያ ወቅት ሥጋ የሚገዛ ሰው በቀን ጥቂት ነው። ሁለቱን መቁጠሪያዎች አጠገብ ለአጠገብ ያልሰቀለ ባለ ምግብ ቤት ሥጋው እጁ ላይ ይቀራል።

መንገዱ ሲዘጋ

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰላሙ ጉዳይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የአጣዬ ከተማ ክፉኛ ተቃጠለች፤ ዋናው መንገድም ተቋረጠ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አዳረሰ፤ አካባቢው ወደ መንግሥት እጅ የተመለሰው በኅዳር መጨረሻ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት በዚህ መስመር መጓዝ ተስተጓጉሎ መክረሙን ወደ ደሴ ዕቃ የጫነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ጦርነት ከተማ ውስጥ ሲገባ መንገዱም ገበያውም ይቆማል፤ ይህን የሚችል ሳህንም ስኒም የለም። ከዚያ መለስ ያለው መስተጓጎል ግን ሁለቱን ደንበኞች እኩል አይጎዳም። ይህን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ የመንገድ ዳር ምሳ ቤት ኪራዩን፣ ደመወዙንና ሌላውን የማይቀር ወጪ ለመሸፈን በቀን 60 ሳህን፣ በሳምንት 420 ሳህን መሸጥ አለበት እንበል። መንገዱ ክፍት ሲሆን በቀን 100 ሳህን ቢሸጥ በሳምንት 700 ይሸጣል፤ የ280 ሳህን ብልጫ አለው። መንገዱ በሳምንት ሦስት ቀን ቢዘጋና በእነዚህ ቀናት ምንም ባይሸጥ 400 ላይ ይቆማል። የ20 ሳህን ጉድለት አለበት፤ ማለትም ከሳምንቱ ከግማሽ በላይ እየሠራ ይከስራል።

በገበያው ሜዳ ዳር ያለው ትንሽ ቤት ወጪውን ለመሸፈን በቀን 15፣ በሳምንት 105 ሳህን ይበቃዋል እንበል። በገበያ ቀን 120፣ በቀሩት ስድስት ቀናት 10፣ 10 ቢሸጥ ድምሩ 180 ነው። የገበያ ቀኑ ሽያጭ ወደ 80 ቢወርድ እንኳ 140 ይሸጣል፤ የ35 ሳህን ብልጫ ይተርፈዋል። በደህናው ጊዜ የመንገዱ ቤት የገበያውን ቤት ብዙ እጥፍ ያስከነዳዋል፤ በክፉው ጊዜ ግን በሩ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ትንሹ ነው።

የመንገዱ ቤት ባለቤት በገበያ ቀን ሜዳው ዳር አንድ ሸራ ቢዘረጋስ? ሦስት ቀን መንገድ በተዘጋበት ሳምንት 400 ሳህኑ ላይ ከገበያው 80 ቢያክል 480 ይሆናል። ከ420ው የቤቱ ወጪ ሌላ የሸራው የአንድ ቀን ወጪ 15 ሳህን ቢሆን እንኳ 45 ይተርፈዋል። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

የባቲ ምስክርነት

ባቲ ለዚህ የቆየ ምስክር ናት። ከተማዋ የአሰብ ወደብ ዕቃ ወደ ወሎ የሚገባባት በር ነበረች። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተጀመረው ጦርነት አሰብ ሲዘጋ የገቢ ዕቃው ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ወደብ ተለወጠ፤ የመኪናው ስምሪትና የሾፌሩ ማረፊያም አብሮ ተለወጠ። ባቲ ግን ሰኞን እንደያዘች ቆየች፤ የሰኞው ገበያ የተተከለው በወደብ ላይ ሳይሆን ደጋና ቆላ በሚፈላለጉት ዕቃ ላይ ነውና።

በባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በካሪብያን አካባቢ ያለችው ትንሿ ደሴት ባርቤዶስ የምትኖረው በአብዛኛው በቱሪስት ነው። ሆኖም ከታወቁት መብያዎቿ አንዱ ውድ ሆቴል ሳይሆን ኦይስቲንስ በተባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ዓርብ ማታ የሚጠበሰው ዓሣ ነው። የደሴቲቱ ሰው ራሱ ለመብላትና ለመጫወት ይወጣል፤ ቱሪስቱም ተከትሎት ይመጣል። ከሚሴና ባቲ ባሕርም ቱሪስትም የላቸውም። የሳምንት ቀን ግን አላቸው፤ የሀገሬው ሰው የሚወጣበት ቀን እንግዳንም ይጠራል።

ገንዘቡ ከየት?

በዚህ ንግድ የሚሠራበት ገንዘብ በአብዛኛው ከባንክ የመጣ አይደለም። ቡና ሻጯ ዕቁብ ትጥላለች፤ ዕጣዋ ሲወጣ በርጩማና ስኒ ትጨምራለች። ምግብ ቤቱ በበኩሉ በዱቤ ይሠራል። ደላላው፣ ጫኝ አውራጁና የመንግሥት ሠራተኛው በመዝገብ ይበላሉ፤ ሲያገኙ ወይም ወር ሲደርስ ይከፍላሉ። የዱቤ መዝገቡ የምግብ ቤቱ ሀብትም ስጋትም ነው፦ ገበያው ለሁለት ሳምንት ከተቋረጠ ባለቤቱ ሽያጩን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የሸጠውንም ገንዘብ አያገኝም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ክፍያውን ቢያቀልም ዱቤውን አላስቀረም።

ለባንክ ብድር ዋናው እንቅፋት ደግሞ ወለድ ነው። ብዙው የዞኑ ነጋዴ በእምነቱ ምክንያት ወለድ አይነካም። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችና የሌሎች ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች ለዚህ ገበያ የሚስማማ አሠራር አላቸው። ሙራባሃ በተባለው ውል ባንኩ ማቀዝቀዣውን ወይም የጭማቂ መፍጫውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ ለነጋዴው በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ለወተት፣ ለጭማቂና ለቀዝቃዛ መጠጥ ቤቶች ይህ የሚሆን መንገድ ነው። ሆኖም ባንክ ዋስትና ይጠይቃል፤ የሸራ ቤት ደግሞ ካርታ የለውም። ስለዚህ ተጠቃሚ የሚሆነው ቀድሞ የራሱ ቤት ያለው ነጋዴ ይሆናል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው።

በዚህ መስመር ገንዘቡን ለማፍሰስ ያሰበ ሰው እንግዲህ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ሦስት ነገር መጠየቅ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ የሚከራየው ቤት ከገበያው ሜዳ ምን ያህል ይርቃል? ሁለተኛ፣ ለአንድ ሳምንት አንድም አውቶቡስ ባይቆም ኪራዩን ከምን ይከፍላል? ሦስተኛ፣ ምግቡን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጾመኛውም ፈሳኪውም ይበላዋል? ለሦስቱም በቂ መልስ ያላገኘ ሰው ትልቅ ሆቴል ከመሥራቱ በፊት አንድ ሰኞ ባቲ፣ አንድ እሑድ ሰንበቴ ሄዶ በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። ወጪው የሦስት ስኒ ቡና ነው፤ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ እስኪነሳ የገበያውን ዋጋ ከነምክንያቱ ይሰማል።